ሐዲድ ላይ የምትሄደው ትንሿ መኪና

ጥያቄ፦ ያደግኩት አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጆች ሆነን ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት ሰው የተቀመጠባት ትንሽ መኪና በሐዲዱ ላይ እየተንደቀደቀች ስትመጣ ከኋላዋ እንሮጥ ነበር። ሰሞኑን ቤልፋስት የምትኖረው ልጄ ከአንድ ሙዚየም ፎቶ ላከችልኝ፤ ቁርጥ የኛዋን! ለመሆኑ ይቺ ነገር ሥራዋ ምን ነበር? ሙዚየምስ ምን አስገባት?
ከአቃቂ

መልስ፦ ጋሼ፣ ፎቶውን እንዳየሁት ነው ያወቅኳት። ያለችው ከቤልፋስት ወጣ ብሎ ከልትራ በሚባል ቦታ፣ የአልስተር ትራንስፖርት ሙዚየም ውስጥ ነው። አየርላንድ ውስጥ በዶኔጋል አውራጃ ይሠራ የነበረው የካውንቲ ዶኔጋል ባቡር 1 ቁጥር ትባላለች። ታሪኳ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ሥራዋን ልንገርዎ። ሐዲድ ዝም ብሎ የተኛ ብረት ይመስላል እንጂ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ለዚህ ሲባል ድሮ በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተዉለት ነበር፤ ያ የባቡር ቀጭ ቋ የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ብሎኑ ይላላል፣ ከሥር ያለው ጠጠር በዝናብ ይሸሻል። ስለዚህ አንድ ሰው ዘወትር ማየት አለበት። አየርላንድ ውስጥ በአንድ ሠራተኛ ሥር የተወሰነ ርቀት ይመደብ ነበር፤ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ይሄዳል። በብዙ መስመሮች ላይ ሐዲዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የእንጨት ሽብልቅ ነበር። በደረቅ ወቅት እንጨቱ ይኮማተርና ይወልቃል። ሰውየው በመዶሻው መታ መታ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በየቀኑ፣ ዝናብም ቢሆን ብርድም ቢሆን።

አለቃው ግን አንዱን ክፍል ብቻ ሳይሆን መስመሩን በሙሉ ማየት ስላለበት በእግር አይችለውም። መጀመሪያ በእጅ የሚገፋ ጋሪ፣ ከዚያም እንደ ብስክሌት የሚረገጥ መጣ። የቤንዚን ሞተር ሲገኝ ደግሞ ትንሿ መኪና ተወለደች።

በልጅዎ ፎቶ ላይ ያለችውን የሠራት እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የነበረው ኦልዴይስ ኤንድ ኦንየንስ የሚባል ፋብሪካ ነው፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት። የሞተሯ ጉልበት 10 ፈረስ ብቻ ነበር። የተገዛችው መስመሩን ለመቆጣጠር ነው፣ መንገደኛ ልትጭን አልነበረም። የዶኔጋል ሐዲድ ስፋት 914 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኛ የድሮው የጂቡቲ ሐዲድ 1000 ነበር። ልዩነቱ ግማሽ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ቁርጥ የኛዋን ቢመስልዎ አይገርምም። የአየርላንድ ዋናው ሐዲድ ግን 1600 ነው፣ ከአዲሱ ከለቡው 1435 እንኳ ይሰፋል።

ለሙዚየም ያበቃት በ1926 የሠራችው ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ብሪታንያ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ፤ የአየርላንድ ባቡሮች ደግሞ የሚነዱት ከዚያ በሚመጣ ከሰል ነበር። የዶኔጋል ባቡር የትራፊክ ኃላፊ ሄንሪ ፎርብስ የሚባል ሰው ነበር። ከሰሉ ሲጠፋ ያቺን የፍተሻ መኪና አወጣና ፖስታና መንገደኛ ጫነባት። ሠራች! ገጠር ውስጥ ለጥቂት ሰው ብሎ ትልቅ የእንፋሎት ባቡር ማንቀሳቀስ ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ በዓይኑ ያየው ያኔ ይመስለኛል። እዚያው ዓመት ሁለት የፎርድ ሞተር ያላቸው የሐዲድ መኪኖች ከእንግሊዝ ገዛ፣ በ1931 ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ አስገባ። መኪኖቹ ጣቢያ ብቻ አይደለም የሚቆሙት፤ መንገድ ከሐዲድ በሚገናኝበት ቦታም ቆመው ሰው ያነሱ ነበር፣ ልክ እንደኛ ሚኒባስ። በዚያ ዘመን በአየርላንድ ስንቱ ጠባብ ሐዲድ ተነቅሎ ሲያልቅ የዶኔጋሉ ዋና መስመር እስከ 1959 መጨረሻ መንገደኛ አጓጓዘ። እኔ በበኩሌ ለዚህ የማመሰግነው ያቺን ትንሽ መኪና ነው።

ከእሷ በኋላ በአየርላንድ ሐዲድ የታወቁት የዊክሃም መኪኖች ናቸው፣ እንግሊዝ አገር ዌር በምትባል ከተማ የተሠሩ። ቦርድ ና ሞና የሚባለው፣ ከረግረግ ለማገዶ የሚነድ አፈር ይቆፍር የነበረው የአየርላንድ ድርጅትም ረግረጉ ላይ በዘረጋው ጠባብ ሐዲድ ይጠቀምባቸው ነበር። ዛሬ ሐዲዱን የሚለካው መሣሪያ የተገጠመለት ትልቅ ተሽከርካሪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። እነዚህ ትንንሽ መኪኖች አደገኛ ነበሩ። የኤሌክትሪክ ምልክት ባለበት መስመር ባቡር ሐዲድ ላይ ሲወጣ በብረት ጎማዎቹ በኩል ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ ያልፍና የምልክት መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ ትንሿ መኪና ግን ቀላል ናት፣ ብዙዎቹም ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ምልክት ሰጪው አያያትም ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሳይቀበሉ መነሳት ክልክል ነበር። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ ከሐዲዱ ጎን እንጨት ተነጥፎ ይጠብቃታል፤ እዚያ ላይ ጎትተው ያወርዷትና ባቡሩ ያልፋል። ማዞር ሲፈልጉም ከሆዷ ሥር ባለው ክሪክ ብድግ አድርገው በእጃቸው ነው የሚያዞሯት።

ፈረንሳዮች እንዲህ ያለችውን ድሬዚን ይሏታል። ስሙ የመጣው በ1817 የመጀመሪያዋን ፔዳል የሌላት ብስክሌት ከሠራው ጀርመናዊ፣ ከካርል ድራይስ ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው። አባትዎ የሠሩባትን ሰዎቹ ምን ብለው ይጠሯት ነበር? ባቡር ሲመጣ አቃቂ ላይ የሚያወርዷት የቱ ጋ ነው፣ ስንት ሰውስ ያነሳት ነበር? እባክዎ ያስታወሱትን ሁሉ ጽፈው ይላኩልኝ፣ እዚሁ አምድ ላይ አወጣዋለሁ።