የቆርቆሮ በር ሲላተም

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች፤

ከአእምሮ ሕክምና ነርስነት በጡረታ ከተገለልኩ በኋላም ቤቴን የሚያንኳኩ ልጆች አልጠፉም። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ «ፈሪ ሆኜ ነው ወይ?» ብለው ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ቡና እየጠጣ ሳለ ነፋስ የግቢዬን ቆርቆሮ በር አላተመው፤ ልጁ ብድግ ሲል ሲኒው ተደፋ፤ የእጁን ደም ሥር ብይዘው ልቡ በደቂቃ ከ120 በላይ ይመታል። ወኔው አልከዳውም፤ አሚግዳላ የሚባለው፣ እንደ ዘበኛ አደጋን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ድምፁ የበር መሆኑ ሳይጣራ አድሬናሊን እንዲረጭ አድርጎ ነው። ይህ ዘበኛ በጥይት መሐል ሕይወት ያተርፋል፤ ጥይቱ ከቆመም በኋላ አልተኛም ሲል፣ መበርገጉ፣ ቅዠቱና ሽሽቱ ከ1 ወር በላይ ዘልቆ ኑሮን ሲያውክ ነው ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት።

አየር ከምትስቡበት ጊዜ ይልቅ የምታወጡበትን አስረዝማችሁ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ብትተነፍሱ፣ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው የቫገስ ነርቭ በኩል የልባችሁ ምት ይረግባል። ይህ ግን ለጊዜው ማስታገሻ ነው፤ ብቻውን ይበቃል የሚላችሁን አትስሙ። ዋናው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ ፊት የሆነውን ደጋግሞ መናገርና የሸሹትን ቦታ ቀስ በቀስ መልመድ ነው፤ በዚህም የቀድሞው ትዝታ አይፋቅም፣ አንጎል ግን ያ ድምፅ ሁልጊዜ ሞትን እንደማያመጣ አዲስ ይማራል፤ ስለዚህ ለወራት ተሽሎት የከረመ ሰው ርችት ሰምቶ ቢበረግግ ሕክምናው ከሸፈ አይባልም። ሰርትራሊንን የመሰሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ እስኪሠሩ ግን ሳምንታት ይወስዳሉና በ3ኛው ቀን አትጣሏቸው።

የጫቱን ነገር ማንሳት ይከብደኛል፤ እኔም በወጣትነቴ ቅሜያለሁ፣ በእኛ አገር በርጫ የወዳጅነት መሰብሰቢያ መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን በትኩሱ ቅጠል ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ የሚያስለቅቀው ኖርአድሬናሊንን፣ ማለትም ያንኑ ዘበኛ የሚያነቃውን ንጥረ ነገር ነው። ያ ልጅ ከሰዓት ይቅማል፤ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለው በአረቄ ይጨብሳል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ተነክሮ ይባንናል። ይህ ሁሉ ግን የጦርነቱ ጣጣ ብቻ ይመስለው ነበር። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ ጦርነቱ ብቻ አውርታችሁ አትመለሱ፤ በቀን ምን ያህል እንደምትቅሙም ሳትደብቁ ንገሩ። ልጁ ሆስፒታል አብረን ስንሄድ፣ ገና ሳይጠየቅ ለነርሷ አስቀድሞ የነገራት ይህንኑ ነበር።