የአባባ ገመድ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አባታችን ዘንድሮ 80 ዓመት ሞላቸው። ለገና ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማች ሁሉ ይሰበሰባል። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ እንዳነብ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

አባባ የመንዝ ሰው ናቸው። በ17 ዓመታቸው፣ በ1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በሶ ቋጥረው፣ ከበግ ፀጉር የተሸመነ ባና ለብሰው ከቤት ወጡ። እስከ ጣርማ በር ሁለት ቀን በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ። መርካቶ ሦስት ዓመት ጆንያ ተሸከሙ። የሚያድሩት በረንዳ ላይ ነበር። በኋላ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ መከፈቱን ሰሙና መጥተው ተቀጠሩ። እኛን ያሳደጉን በዚያ ደመወዝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ «ከፋብሪካው ጀምሪ። ኩሊ ነበሩ ብለሽ አማቾች ፊት እንዳታዋርጃቸው» አለኝ። አልዋጥልኝ አለ። ይሸከሙበት የነበረው ገመድ እኮ ዛሬም ሳጥናቸው ውስጥ አለ። እሳቸውን ስጠይቅ «ምን ታሪክ አለው ብለሽ ነው? ደሃ ነበርኩ፣ ሠራሁ፣ አለቀ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ይህን ያለው አባቱን ስለሚወድ ነው። «ኩሊ» ስድብ ሆኖ ሲወረወር እየሰማ አድጓል። እኔም ሰምቻለሁ። እዚያው አጠገባችሁ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ አልለቀቀንም። ስለዚህ አትቆጪው። ሦስቱን ዓመት ግን አትዝለያቸው። ከዘለልሻቸው አባባ ከሰማይ ዱብ ብለው ፋብሪካ የገቡ ይመስላል።

«ታሪክዎን ይንገሩኝ» ማለት ለእሳቸው ከባድ ነው። ራስን ማወደስ ይመስላቸዋል። ትንንሹን ጠይቂ። በሶው ስንት ቀን ቆየ? መጀመሪያ የተሸከሙት ምን ነበር፣ በርበሬ ነው ጨው? ስንት ከፈሏቸው? ሌሊት ባናውን ከማን ጋር ተጋሩ? ለእናታቸው የመጀመሪያውን ብር በማን እጅ ላኩ? ያኔ ብርም ደብዳቤም የሚሄደው በአገር ልጅ እጅ ነበር። እዚህ ላይ የረሷቸው ሰዎች ስም ሳይቀር ይመጣላቸዋል። ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሳይበዛ ጠይቂያቸው። በስልክሽ ከቀዳሽም አስፈቅጂ።

ስለ በጉ ፀጉር መጠየቅ እንዳትረሺ። መንዝ ውስጥ የበጉን ፀጉር ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባና ይሸምናሉ። አባባ ፋብሪካ ሲገቡ አዲስ የሆነባቸው ማሽኑ ነው እንጂ ፀጉሩን ከልጅነታቸው ያውቁታል። መርካቶ በረንዳ ላይ ያሞቃቸውም ያው የበግ ፀጉር ነው። እኔ ብሆን ጽሑፉን የምጀምረው ከባናው ነበር።

የጻፍሽውን ከገና በፊት ለአባባ አንብቢላቸው። ወንድምሽም አብሮ ይስማ። «ይህ ይውጣ» ካሉ ይውጣ፤ ታሪኩ የእሳቸው ነው። «ኩሊ» የሚለውን ቃል ራሳቸው ካነሱት ግን እንዳታለዝቢው።

ገመዱንስ? 60 ዓመት ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አንቺ ከሳጥኑ አታውጪው። ለምን እንዳስቀመጡት ጠይቂያቸውና ዝም ብለሽ ጠብቂ።