የክራሬ ድምፅ ከኪቦርድ ጋር ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ በሠርግ ላይ ክራር እጫወታለሁ። ክራሬን በሙሉ ትዝታ ቃኝቼ ለብቻው ስመታው ጥርት ያለ ነው፤ ከኪቦርድ ጋር ስንጫወት ግን «ሚ» የሚባለው ድምፅ ይጋጫል። ጥፋቱ የማን ነው? (አንድ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የሁለታችሁም ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች የተቃኙበት ስሌት ይለያያል።

የአንድ አውታር ርዝመት ወደ ሁለት ሦስተኛው ሲያጥር ንዝረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ ከ«ዶ» ተነሥተን «ሶል»ን የምናገኘውም በዚህ ነው። ግሪኮች ይህን ግኝት ከፓይታጎረስ ጋር ያያይዙታል። ችግሩ ይህንኑ እርምጃ 12 ጊዜ ስንደጋግመው ይመጣል፤ ንዝረቱ 129.75 እጥፍ ይደርሳል፣ ሰባት ኦክታቭ (አንዱ ኦክታቭ ንዝረቱ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት ነው) ግን 128 እጥፍ ብቻ ነውና ዙሩ አይገጥምም። ቁልፎቹ የተወሰኑ በመሆናቸው የኦርጋን ሠሪዎችን ለዘመናት ያስጨነቃቸው ይህች ትንሽ ትርፍ ናት። በ1584 የቻይናው ልዑል ዡ ዛይዩ ኦክታቭን 12 እኩል ቦታ የሚከፍለውን ስሌት ሠራ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከቀደመው 1.0595 እጥፍ ይሆናል። የዛሬው ኪቦርድ ከፋብሪካ የሚወጣው በዚህ ስሌት ተቃኝቶ ነው። ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ ለመጫወት ያስችላል፤ ዋጋው ግን ከኦክታቭ በቀር አንድም ፍጹም ንጹሕ ዝምድና አለመቅረቱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ «ሚ» እንምጣ። ከ«ዶ» ጋር በቀጥታ አስማምተው ከቃኙት 1.25 እጥፍ፣ በ«ሶል»፣ በ«ሬ» እና በ«ላ» በኩል ዞረው ከደረሱበት ደግሞ 1.2656 እጥፍ ይሆናል። የኪቦርዱ 1.2599 ነው። ስለዚህ ጆሮዎ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ፣ ወይ ከኪቦርዱ ዝቅ ወይ ከፍ ማለቱ አይቀርም።

አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝት 12ቱን ዙር የመግጠም ዕዳ የለበትም። በመሆኑም ከማሲንቆና ከድምፃዊ ጋር ሲጫወቱ ክራርዎን በኪቦርድ እንዳያርሙ አጥብቄ እመክራለሁ። በወሎ ቦታዎች ስም ለሚጠሩት ለባቲና ለአምባሰል ደግሞ ይበልጥ እሰጋለሁ፤ ወጣቶች እነዚህን ቅኝቶች ከኪቦርድ ብቻ ከተማሩ፣ በጆሮ የሚያዘው የተጫዋቾች ልዩነት ሊጠፋ ይችላል።

ለሠርጉ መፍትሔ አለ። ብዙ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የማድረጊያ ማስተካከያ አላቸው፤ ጓደኛዎ ከዝግጅቱ በፊት «ሚ»ን ወደ ክራሩ ያምጣልዎ። ኪቦርዱ ይህ ከሌለው፣ አብራችሁ በምትጫወቱበት ጊዜ ብቻ ያቺን አንዲት አውታር ወደ እሱ ያስጠጉ።