መልስ፦ በኮሮና ጊዜ ታራሚዎች የተፈቱት በአመክሮ ነው ወይስ በይቅርታ?

ሰላም ወንድሜ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተፈቱት በአመክሮ ነው ወይስ በይቅርታ፣ ፍርድ ያላገኘ ሰውስ ይመለከተው ነበር ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

በይቅርታ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ነበር። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 16፣ ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ አደረጉ። ቀላል በሚባል ወንጀል እስከ 3 ዓመት የተፈረደባቸውና መፈቻቸው የተቃረበ ነበሩ።

አመክሮ ሌላ ነው። ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ጠባዩ የታረመ ሰው በገደብ የሚወጣበት መንገድ ነው። ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም አለ።

ፍርድ ያላገኘ ሰው ግን ይቅርታ አይመለከተውም። ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ነው። ለእሱ ያለው መንገድ ዋስትና ወይም ክስ መቋረጥ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጥፋተኛ የተባለው ወጥቶ፣ ገና ያልተባለው እዚያው ተጨናንቆ ይቀራል። ቫይረሱ ደግሞ የፍርድ ወረቀት አይጠይቅም።

የአክስቴ ልጅ ያኔ ቀጠሮ ላይ ነበር፣ ማለትም ታስሮ ፍርዱን እየጠበቀ። እስረኛ ጥየቃ በመከልከሉ አክስቴ የቋጠረችውን ሽሮ ይዛ ከበር ተመለሰች። ምሳቃው ገና ትኩስ ነበር። ቤት ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ማንም አልነካውም።

ያንተም ሰው ቀጠሮ ላይ ከሆነ ይቅርታ አትጠብቅ። ጠበቃው የዋስትና ጥያቄውን ዛሬውኑ ያቅርብ። ሕመም ካለበት የሐኪም ማስረጃውን አያይዙ።