ለምትሐት መሣሪያ የሚሆን ስስ ብረት ከየት ይገኛል? ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በከተማችን የምትሐት ትርኢት የሚለማመዱ ወጣቶች እየበዙ ሲመጡ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራቸው የእጅ ቅልጥፍና ሳይሆን ማግኔት የሚስበው ስስ ብረት ማግኘት እንደ ሆነ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ተረድቻለሁ። መሣሪያዎቹን በእጄ ስለምሠራ፣ የማውቀውን ያህል በዝርዝር እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የፖሊ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። በመጫወቻ ካርታ ውስጥ ደብቄ በማግኔት የምቆጣጠረው ስስ ብረት እፈልጋለሁ። ከውጭ አገር ማዘዝ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። እዚሁ ባሕር ዳር ከየት ላገኝ እችላለሁ?

መልስ፦ ከውጭ ማዘዝ አያስፈልግዎትም። የመጀመሪያው ምንጭ ባዶ የዱቄት ወተት ወይም የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ጣሳ ዝገት እንዳይበላው በስሱ የተለበጠ ለስላሳ ብረት ሲሆን፣ ውፍረቱ በአብዛኛው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎኑ ላይ የተጣጠፈ መስመር የሌለበትን ይምረጡ፤ ክዳኑንና ቂጡን በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው ከጣሉ በኋላ ጎኑን ዘርግተው በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያቅኑት። በገበያ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህንኑ ሲያደርጉ ቆመው ቢመለከቱ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ይማራሉ፤ የተረፋቸውን ቁርጥራጭም በጥቂት ብር ይሸጡልዎታል።

ይሁን እንጂ ለካርታ ጣሳ ትንሽ ወፍራም ነው። አንድ ካርታ ራሱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ፣ በመካከሉ ጣሳ ቢገባበት በጣት መዳሰስ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ለተመልካች በእጅ ለሚሰጥ ካርታ የመኪና መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበትን ፊለር ጌጅ እመርጣለሁ። ስስ ምላጮቹ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ይጀምራሉ፤ ጫፉ የተጣመመበትን አሮጌ ፊለር ጌጅ መካኒኩ ሊጥለው ሲል ቢጠይቁት አይከለክልዎትም። ካርታው ከወረቀት የተሠራ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክረው ሁለቱን ገጽ መለያየት ይችላሉ፤ የፕላስቲክ ካርታ ግን በዚህ መንገድ አይከፈልም።

ጥያቄ፦ ስስ ብረት ላይ ትልቅ ማግኔት ባስጠጋም እንደ ጠበቅሁት አጥብቆ አይዝም። የበለጠ ኃይለኛ ማግኔት ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ብዙዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ብረት ሊሸከም የሚችለው የመግነጢስ መጠን ወሰን አለው፤ ብረቱ በሳሳ ቁጥር ወሰኑ ቶሎ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ማግኔቱን ቢያተልቁት እንኳ ትርፉ ኃይል በብረቱ ውስጥ መሄዱን ትቶ ወደ ጀርባው ያልፋል እንጂ አጥብቆ ለመያዝ አይረዳም። ይህን በቤት ውስጥ ለማረጋገጥ ማግኔቱን በብረቱ አንድ ወገን ለጥፈው በሌላው ወገን አግራፍ ያስጠጉ። አግራፉ በብረቱ ጀርባ በኩል ተስቦ ከተንጠለጠለ፣ ብረቱ ለዚያ ማግኔት ስስ ነው ማለት ነው፤ አግራፉ ከወደቀ ግን ብረቱ አብዛኛውን ኃይል ይዞታል።

መፍትሔው ማግኔት መጨመር ሳይሆን ብረት መጨመር ነው። ሁለት የጣሳ ንብርብር በአንዱ ላይ ሌላውን ማጣበቅ ከአንድ ትልቅ ማግኔት ይልቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል። መሣሪያው ውፍረት የማይፈቅድ ከሆነም አንድ ወፍራም ማግኔት ከመጠቀም ይልቅ ሁለት ትናንሽ ስስ ማግኔቶችን የአንዱን ሰሜን ከሌላው ደቡብ ጎን ለጎን አድርጎ መደርደር ይሻላል፤ ኃይሉ በብረቱ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በአጭር መንገድ ይዞራልና። ክፍተቱንም አይርሱ። በማግኔቱና በብረቱ መካከል የሚገባ ጨርቅ፣ ቀለምና ወረቀት ሁሉ ኃይሉን በፍጥነት ያዳክመዋል፤ ሳጥን የሚሠራ ሰው የጨርቁን ሽፋን ሳያስብ ማግኔቱን ከፈተነ በኋላ ቅር ይለዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ከሴጌቶ ምላጭ የሠራሁት መሣሪያ ጥቂት ከተጠቀምሁበት በኋላ ራሱ መርፌ መሳብ ጀመረ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አልተበላሸም፤ የመረጥኸው ብረት ጠባዩ ነው። የሴጌቶ ምላጭ፣ የመለኪያ ሜትር ጥቅልልና ፊለር ጌጁም ጭምር ጠንካራ የስፕሪንግ ብረት ናቸው። እንዲህ ያለ ብረት ማግኔት ከነካው መግነጢሱን ይዞ ያስቀራል። የጣሳ ብረት ግን ለስላሳ በመሆኑ ማግኔቱ ሲርቅ ወዲያው ይለቃል ማለት ይቻላል። ተመልካች ፊት መርፌና ሳንቲም በማይገባበት ሰዓት እንዳይጣበቁብህ ከፈለግህ ለስላሳውን ተጠቀም። የስፕሪንግ ብረቱን ማለስለስ ካስፈለገህ ከሰል ውስጥ ቀይ እስኪሆን አግለህ በአመድ ቀብረህ በዝግታ እንዲበርድ ተወው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ መለጠጡንና መመለሱን ያጣል። ሥራውን ከአዋቂ ጋር አድርገው። ዚንክ የተቀባ የጣሪያ ቆርቆሮ ግን ፈጽሞ እንዳታግል፤ የዚንክ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስከትላል።

ጥያቄ፦ ለጣሪያ የሚሆነው ቆርቆሮስ አይሆንም?

መልስ፦ ማግኔት ይስበዋል፤ ለሳጥን ወለልና ለጠረጴዛ ሥር በቂ ነው። ሻጩ ጌጅ (የቆርቆሮ ውፍረት መለያ ቁጥር) ሲልዎት ቁጥሩ ባደገ መጠን ብረቱ እንደሚሳሳ ያስታውሱ፤ ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ ይሳሳል። ሞገዱን ማቅናት ግን አድካሚ ስለሆነ፣ ብረታ ብረት መሸጫ ካለፉ ጠፍጣፋውን ላሜራ ቁራጭ ቢጠይቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በቀላሉ የማይገኝ ግን ከሁሉ የተሻለ የሚሉት ብረት አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም በቀላሉ ይገኛል። ዳይናሞና ስታቢላይዘር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ዘንድ ይሂዱ። ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ውስጥ የሚወጣው የትራንስፎርመር ልብ በአንዱ ላይ አንዱ የተደረደሩ ስስ ላሜራዎች ስብስብ ነው። እያንዳንዳቸው 0.35 ወይም 0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ሲሊከን የተቀላቀለበት ለስላሳ ብረት በመሆኑ መግነጢስ ይዞ የማስቀረት ጠባዩ እጅግ አነስተኛ ነው። ቁራጮቹ በሁለት ዓይነት ቅርጽ ይመጣሉ፦ ሦስት እግር ያላቸውና ቀጥ ያሉ ጠባብ ዘንጎች። ቀጥ ያሉት ለበትርና ለመጽሐፍ ጀርባ ተዘጋጅተው የመጡ ይመስላሉ። በቫርኒሽ ተጣብቀው ስለሚመጡ በቢላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ያላቅቋቸው። ጠርዛቸው ይቆርጣል፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሳያለሰልሱ ጨርቅ ውስጥ አይክተቱት። ከመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትራንስፎርመር ግን ተወግዶ ቢያገኙት እንኳ አይንኩት፤ በአሮጌዎቹ ውስጥ ለጤና አደገኛ የሆነ ዘይት ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ የለስላሳ መጠጥ ጣሳና የማይዝግ ማንኪያ ማግኔት አይስባቸውም፤ ለምን?

መልስ፦ የለስላሳው ጣሳ አሉሚኒየም ነው። የጠርሙሱ ቆርኪ ግን ብረት ስለሆነ ይሳባል። ከማይዝግ ብረት ብዙ ኒኬል ያለበት አይሳብም ወይም በጣም ደካማ ሆኖ ይሳባል፤ ኒኬል የሌለበት ርካሹ ዓይነት ግን በደንብ ይሳባል። ሰው ዋጋውን አይቶ ይመርጣል፤ እናንተ ማግኔት በኪሳችሁ ይዛችሁ ገበያ ውጡ። አሉሚኒየምና መዳብ ግን ለሌላ ትርኢት ይሆናሉ፦ ኃይለኛ ማግኔት በመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲወድቅ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ያዘገየዋል፤ ቱቦውን ሳይነካ በአየር ላይ የሚዋኝ ይመስላል።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ፤ ልጄ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ማግኔት እያወጣ ይጫወታል። የሚያስፈራ ነገር አለው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አለው፤ አጥብቄ እናገራለሁ። የሃርድ ዲስክ ማግኔት ኒዮዲሚየም የሚባለው እጅግ ኃይለኛ ዓይነት ነው። አጥንት ባይሰብርም የጣት ቆዳ ቆንጥጦ ያቆስላል። የከፋው ግን ሕፃን ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ከዋጠ ነው፤ በሆዱ ውስጥ በአንጀት ግድግዳ መካከል ተጣብቀው ሊበሱት ይችላሉ። ይህ ከደረሰ እስኪወጣ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለበት ሰውም ከኃይለኛ ማግኔት ይራቅ። ልጅዎን አይከልክሉት፤ ከታናናሾቹ እንዲያርቀው ያስተምሩት።

ጥያቄ፦ በብረትና በማግኔት ብቻ ታላቅ ትርኢት የሠራ ሰው አለ?

መልስ፦ ፈረንሳዊው ዣን ኡጂን ሮቤር ኡዳን እ.ኤ.አ. በ1856 በአልጄሪያ ያሳየው ይነገራል። ከታች የብረት ሳህን ያለበት ትንሽ ሳጥን ሕፃን የሚያነሣው ነበር፤ ከመድረኩ በታች ያለው ኤሌክትሮማግኔት (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት) ሲበራ ግን ብርቱ ሰው ታግሎ አልቻለውም። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ፈረንሳይ በቅኝ የያዘችውን ሕዝብ ለማስፈራራት እንደ ዋለ ስለማውቅ፣ ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢት ደስታ እንጂ ማዋረድ ሊሆን አይገባም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ የምጽፍ መምህር ነኝ። በክረምት የሠራኋቸው መሣሪያዎች ይዝጋሉ፤ የዝገቱ ቀለምም በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ሐይቁ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ዋነኛ ችግር ነው። የጣሳው ልባጥ ፊቱን ይጠብቃል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ባዶ ብረት ስለሆነ ዝገቱ ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ጠርዙን በሞረድ ካለሰለሱ በኋላ ቫርኒሽ ወይም የጥፍር ቀለም ይቀቡትና በደንብ ይድረቅ። ለማጣበቂያ ነጩን የእንጨት ኮላ ይተዉት፤ ውኃ ስላለበት ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይሻላል፤ በሁለቱም ገጽ ስስ አድርገው ቀብተው እጅ እስከማይዝ ድረስ ከጠበቁ በኋላ ይጫኑት፤ ተን ስለሚወጣው ደጅ ላይ ይሥሩ። ቀድሞ የተሠራውንና የዛገውን ካርታ ግን ማዳን አይቻልም፤ ብረቱን አውጥተው በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው በአዲስ ካርታ ውስጥ ይጠቀሙበት።