ሁለቱም 60 በመቶ ላይ ነበሩ

ልጆቼ፣

ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት እኩል ትራንስፎርመሮች ነበሩን። ሁለቱም ከአቅማቸው 60 በመቶ ላይ ናቸው። መዝገቡ ላይ «ሁሉም ደህና» ብዬ ጻፍኩና ሻዬን ቀዳሁ። ሻዩን ሳልጨርስ አንዱ ትሪፕ አደረገ፤ ራሱን ቆርጦ ከሥራ ወጣ። ሎዱ (የተሸከመው ጭነት) በሙሉ ጓደኛው ላይ ወደቀ፤ 120 በመቶ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ተከተለ። ሰፈሩ ድቅድቅ አለ።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። «50 ላይ ቢሆኑ ኖሮስ?» ብቻ አሉኝ። ያኔ ገባኝ። እስከ 50 ድረስ አንዱ ቢወጣ ሌላው ይሸከመዋል። ከዚያ ካለፈ የአንዱ መውደቅ የሁለቱም መውደቅ ነው። ችግሩ፣ 48ም ሆነ 55 መለኪያው ላይ ያው ናቸው። ቀይ መብራት የለ፣ ደወል የለ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2003 ጣሊያን ላይ የደረሰውም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። በአገሩ ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:01 ላይ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ከፍተኛ መስመር ዛፍ ነካና ወጣ። ሎዱ ወደ ጎረቤት መስመሮች ዞረ። ሽቦ ደግሞ ሲግል ይረዝማል፣ ይረግባል። 9:11 ላይ ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን ተደወለ፤ ጣሊያንም ከምታስገባው 300 ሜጋዋት ገደማ ቀነሰች። አልበቃም። 9:25 ላይ ሁለተኛው መስመር ረግቦ ዛፍ ነካ። ከዚያ ወዲያ የቀሩት የድንበር መስመሮች በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ወጡ። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከሰርዲኒያ በቀር አገሩ ጨለመ። 56 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ! አስቡት፣ 24 ደቂቃ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 የፊዚክስ ተመራማሪው ሰርጌይ ቡልዲሬቭና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጨለማ ምሳሌ አድርገው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ጽፈዋል። አንድ ኔትወርክ ብቻውን ሲሆን፣ ነጥቦቹ በዘፈቀደ ሲነሱበት ቀስ እያለ ይመነምናል። ሁለት ኔትወርኮች ሲደጋገፉ ግን (መብራቱ ኮምፒውተሩን ሲያሠራ፣ ኮምፒውተሩ መብራቱን ሲቆጣጠር) እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ቆመው ይቆዩና በአንድ ጊዜ ይናዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ያበረ ድር እንዴት እንደሚበጠስ ግን አልተረትንም።

እናንተ የባንክም፣ የቴሌኮምም፣ የመብራትም ሲስተም ትረከቡ ይሆናል። «አሁን ስንት ላይ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ መዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «ጎረቤቱ ቢወጣ ስንት ይሆናል?» ፈረቃ ሳስረክብ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነበር።