«ሦስት ነን» ብላችሁ ፍርድ ቤት ከመቅረባችሁ በፊት

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። እናታችን በሕይወት አሉ። ልጆች ሦስት ነን። አዲስ አበባ ያለው ቤት ካርታው በአባታችን ስም ነው። አባታችን ታመው ሳለ «ቤቱ የእናታችሁና የእናንተ ነው» ብለውናል። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ከሰፈር ምስክሮች አዘጋጅተናል። ቤቱን ሸጠን ለመካፈል ሌላ ምን ያስፈልገናል? ደሴ ያለው ወንድማችን ለቀብር መጥቶ ተመልሷል። የራሱ ኑሮ ስላለው እሱን ማስቸገር አልፈለግንም።

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ።

የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስ። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናትዎ ነው። ይህ ውርስ አይደለም፣ የራሳቸው ድርሻ ነው። የሚወረሰው የአባትዎ ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱን ልጆች እኩል ይካፈሉታል። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም። ቤቱ የተገኘው ከጋብቻ በፊት ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ስለዚህ የጋብቻ ማስረጃውንና የቤቱን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀናቸውን ይዩ። አባትዎ በቃል የተናገሩት ቤት አያስተላልፍም። በቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ማዘዝ፣ ለሕፃናት ልጆች አሳዳሪ መሰየም፣ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መስጠት ይቻላል፤ ከዚያ አያልፍም። የተጻፈ ነገር መኖሩን ግን ሳጥኑን ከፍተው ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ደሴው ወንድምዎ ልምጣ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሦስት ነን» ብለው ጀመሩ፣ መጨረሻ ላይ «ወንድማችን» ብለው አንድ ሰው አመጡ። ከሦስቱ አንዱ ቢሆን «ማስቸገር አልፈለግንም» አይሉኝም ነበር። አባትዎ ከሌላ እናት የወለዱት ልጅ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካልተሳሳትኩ ግን አራት ናችሁ።

ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ነገር ግን ድርሻ እንዳለው መንገር ማስቸገር አይደለም፤ አለመንገር ነው በደሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጀምሮ በጋብቻ ውስጥና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅን በውርስ አይለይም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 እኩል መብት ሰጥቷቸዋል።

ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይኸው ነው። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት እናንተና ምስክሮቻችሁ የምትሉትን ይሰማል እንጂ ደሴ ድረስ ሄዶ ልጅ አይፈልግም። ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። የተዘለለው ልጅ ማስረጃው እንዲሰረዝ ማመልከት ይችላል። ድርሻውንም ይጠይቃል። ለዚህ ሕጉ የሰጠው 3 ዓመት የሚቆጠረው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እሱ እስካላወቀ ድረስ የ3 ዓመቱ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደቡ፣ ለእናንተ አይሠራም። ጣሪያው በመሠረቱ 15 ዓመት ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን በስጋት ሊታለፍ ነው ማለት ነው። ምስክሮቻችሁስ? የምታመጧቸው የሰፈር ሰዎች ያን ልጅ በቀብሩ ዕለት አይተውታል። በሐሰት መመስከር ደግሞ ወንጀል ነው።

አንዲት ደንበኛዬ በዚሁ መንገድ ሄዳ ነበር። ቤቱ ተሸጠ፣ ብሩ ተከፋፈለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የተዘለለው ወንድም ከሰሰ። ይዞት የመጣው ማስረጃ የለቅሶ ፎቶ ነበር። ድንኳኑ ሥር ከእኅትማማቾቹ መሀል ቆሟል፤ የታላቂቱ እጅ ትከሻው ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት፣ ቤተሰቡና አካባቢው እንደ ልጅ ሲያውቀው መኖሩ በምስክር ይረጋገጣል። ፎቶውን ሳይ ለደንበኛዬ የምለው ጠፋኝ። ብሩ እጇ ላይ አልነበረም፣ ወንድሟንም አጣችው።

ሒሳቡን ልንገርዎ። ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ቢሸጥና የትዳር ሀብት ቢሆን፣ 4 ሚሊዮኑ የእናትዎ ነው። የቀረው ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዳችሁ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ለሦስት ቢሆን 333 ሺህ ብር ገደማ ይጨምራል። ለዚህች ልዩነት ነው ይህን ሁሉ የምትሸከሙት።

ለወንድምዎ ዛሬ ይደውሉለት። «ለእናንተ ይሁን» ሊል ይችላል፤ ደግ ሰው ከሆነ አይገርምም። ግን የስልክ ቃል አይበቃም። ድርሻውን የሚተው ከሆነ በጽሑፍ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈርም። ያም ሆኖ በወራሽነት ማስረጃው ላይ ስሙ ይግባ።

ከዚያ የሞት ማስረጃውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ ካርታውን፣ የአራታችሁን የልደት ወይም የልጅነት ማስረጃ፣ ዕዳ ካለም ሰነዱን ሰብስበው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። እኔ ያየሁት ደብዳቤዎን እንጂ ሰነዶቹን አይደለም፤ ሰነድ ያላየ ጠበቃ ደግሞ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ሰነዶቹ ሳይታዩ ከገዢ ጋር እንዳይዋዋሉ፣ ቀብድም እንዳይቀበሉ።

ማመልከቻው ገብቶ እንደሆነም አልጻፉልኝም። ገብቶ ከሆነ፣ ምስክሮቹ ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት ጠበቃ ይዘው ያስተካክሉት።